ከመሣሪያው አስቀድሞ የሚሠለጥነው ሰው

ካንሰር ያደረበት የአዊ ሰው፥ ከእንጅባራም ይነሣ ከዳንግላ፥ የጨረር ሕክምና እንዲያገኝ ሐኪም በወሰነለት ጊዜ፥ በቡሬና በደብረ ማርቆስ አድርጎ፥ የዐባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፥ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት ግዴታው ሆኖ ኖሯል። በዚያም በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፥ በ1990 ዓ.ም. ገደማ በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲ ድጋፍ ሥራ የጀመረው የጨረር ክፍል ከሃያ ዓመት ለሚበልጥ ዘመን የመላ አገሪቱ ብቸኛ ክፍል ስለ ነበረ፥ ተራው እስኪደርስ ወራት፥ ለአንዳንዱም ከዓመት የሚበልጥ ጊዜ መጠበቅ ነበረበት። ሕማሙ ግን ተራ አይጠብቅም፤ በተመረመረበት ቀን ሊድን ይችል የነበረ፥ በመግቢያው ቀን ሥቃዩን ከማስታገሥ በቀር ሌላ የማይደረግለት ሆኖ የተገኘው ብዙ ነው።

በዚህ ነገር በቅርብ ዓመታት የታየው ለውጥ ታላቅ መሆኑን መመስከር ይገባል። መንግሥት ሊኒየር አክስለሬተር የሚባሉትን፥ በኤሌክትሪክ ኃይል ጨረር የሚያመነጩትን ስድስት መሣሪያዎች ለጥቁር አንበሳ፥ ለጅማ፥ ለሐዋሳ፥ ለመቀሌ፥ ለጎንደርና ለሐረማያ ሆስፒታሎች መደበ፤ የየቦታው ግንባታ እኩል ባይገሠግሥም በጥቁር አንበሳ በአዲሱ መሣሪያ ማከም ተጀምሯል፥ ጅማም ተከትሏል። ለአዊ ሕዝብ ከእነዚህ ሁሉ የሚቀርበው የጎንደሩ ነው፤ ከእንጅባራ በባሕር ዳር በኩል ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ሲሆን፥ ሕመምተኛን ይዞ የዐባይን ገደል መሻገርንም ያስቀራል። ስለዚህ የጎንደሩ ማእከል ጉዳይ የዳንግላና የእንጅባራ፥ የባንጃና የፋግታ ሰው ጉዳይ ነው።

ሆኖም በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው ስለ መሣሪያው አይደለም። መሣሪያ ገንዘብ ከተገኘ ይገዛል፥ በመርከብ ተጭኖ ወደብ ይደርሳል፥ በወፍራም የኮንክሪት ግድግዳ ውስጥ ይተከላል፤ ያን መሣሪያ ለክቶ፥ ጠብቆ፥ በእያንዳንዱ ሕመምተኛ ላይ የሚወርደውን የጨረር መጠን አስልቶ፥ በሕግም በኅሊናም ኃላፊነቱን የሚሸከም የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ግን አራት ዓመት ለመጀመሪያ ዲግሪ፥ ሁለት ዓመት ለማስተርስ፥ ቢያንስ ሁለት ዓመት ደግሞ በሆስፒታል ውስጥ በአሠልጣኝ እጅ፥ በድምሩ ስምንት ዓመት ያህል ይፈልጋል። መሣሪያው ከታዘዘ በኋላ ሰው ማሠልጠን የጀመረ አገር፥ መሣሪያው ደርሶ ሰው የማይደርስበት ዘመን እንደሚገጥመው ከዚህ ቁጥር ብቻ መረዳት ይቻላል።

ሕዝባችን ሐኪሙን ያውቃል፥ ነርሷን ያውቃል፤ ይህን ሦስተኛ ሰው ግን፥ ከሕመምተኛው ጋር እምብዛም ስለማይገናኝ፥ የሚያውቀው ጥቂት ነው። የካንሰር ሐኪሙ ዕጢው ያለበትን ቦታና ሊወርድበት የሚገባውን የጨረር መጠን ይወስናል፤ ለምሳሌ ጡቷን ለታመመች ሴት 50 ግሬይ በ25 ቀናት ተከፋፍሎ እንዲሰጣት ያዛል። ያ ትእዛዝ በወረቀት ላይ እንደ ተጻፈው በሰውነቷ ውስጥ እንዲፈጸም፥ ዕጢውን ሳይስት፥ ልቧንና ሳንባዋንም ከሚገባው በላይ ሳይነካ እንዲደርስ የሚያደርገው የፊዚክስ ባለሙያው ነው። መለኪያው ራሱ በሎንዶን አጠገብ በሚገኝ ሆስፒታል የፊዚክስ ባለሙያ ሆኖ ባገለገለው በሉዊስ ሃሮልድ ግሬይ ስም መጠራቱ፥ ይህ ሙያ የሕክምናው አካል መሆኑን የሚያስታውስ ነው። በዚህ ሥራ ተቀባይነት ያለው ልዩነት ከመቶ አምስት ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ ሲያንስ ዕጢው ይተርፋል፥ ሲበልጥ ጤናማው አካል ይጎዳል፤ ሁለቱም ጉዳት የሚታየው ወራት ወይም ዓመታት ካለፉ በኋላ ስለ ሆነ፥ ስሕተቱ በተሠራበት ቀን የሚጮኽ ሰው አይኖርም።

የአገራችን መልክዐ ምድር ደግሞ ለዚህ ሙያ የራሱን ፈተና ያቀርባል፤ በዚህ ነጥብ ላይ ጥቂት መቆየት እወዳለሁ። ጨረር የሚለካበት ዋናው ዕቃ አዮናይዜሽን ቻምበር የሚባል፥ ከጣት ጫፍ እምብዛም የማይበልጥ፥ በውስጡ አየር ያለበት ትንሽ ክፍል ነው፤ ይህን በውሃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ አስገብተው ጨረሩን ሲለቁበት፥ በአየሩ ውስጥ የሚፈጠረው ጥቂት ኤሌክትሪክ ተቆጥሮ ወደ ጨረር መጠን ይመለሳል። አየሩ በሳሳ ቁጥር ቆጠራው ያንሳል። የቻምበሩ ማስረጃ ግን የሚሰጠው ለባሕር ጠለል የአየር ግፊት ተስተካክሎ ሲሆን፥ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ያለች በመሆኗ ግፊቷ ከዚያ በሩብ ያህል ያንሳል፤ እንጅባራ ከአዲስ አበባም ትልቃለች። እንግዲህ ባለሙያው ይህን እርማት ቢዘነጋ፥ ወይም የአየር ጠባይ ጣቢያዎች ወደ ባሕር ጠለል መልሰው የሚያሰሉትን ግፊት በስልክ ጠይቆ ያለ ጥርጣሬ ቢመዘግብ፥ መሣሪያው በእውነት ከሚሰጠው በሩብ ያነሰ የሚሰጥ ይመስለዋል፤ ጉድለቱን ለመሙላት ብሎ የሕክምናውን ጊዜ ያስረዝማል፤ ሕመምተኛውም ከታዘዘለት በሲሶ ያህል የበለጠ ጨረር ይቀበላል። ይህ የግፊት ስሕተት ዓለም አቀፉ ኤጀንሲ ከመዘገባቸው የአደጋ ዓይነቶች አንዱ ነው። የመማሪያ መጽሐፍ ይህን እርማት በአንድ መስመር ያልፈዋል፤ መጽሐፉ የተጻፈው በቆላ ከተሞች ለሚኖሩ ስለ ሆነ ለእነርሱ እርማቱ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ነው። ለእኛ ደገኞች ግን ያ መስመር የሰው ሕይወት ነው፤ ባሮሜትሩን በገዛ እጁ አንብቦ፥ ስሌቱን ሠርቶ፥ በመምህሩ ዓይን ሥር ደጋግሞ ያረጋገጠ ሰው ብቻ ነው የማይዘነጋው።

በሌላው ዓለም የደረሰውም ይህንኑ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1988 በእንግሊዝ አገር በኤክሰተር ሆስፒታል አዲስ የኮባልት የጨረር ምንጭ ሲገባ የመጀመሪያው ልኬት ተሳስቶ፥ 207 ሕመምተኞች ከታዘዘላቸው በሩብ የበለጠ ጨረር ተቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 በኮስታ ሪካ ዋና ከተማ በሳን ሆሴ እንዲሁ ምንጩ ሲለወጥ፥ 0.3 ደቂቃ ተብሎ የተመዘገበው ጊዜ 18 ሴኮንድ መሆኑ ቀርቶ 30 ሴኮንድ ተደርጎ ተሰላ፤ በዚህች አንዲት አነባበብ የተነሣ 115 ሰዎች ከሚገባቸው በግማሽና ከዚያም በላይ የበለጠ ጨረር ወረደባቸው፥ ከእነርሱም በዚሁ ጨረር ምክንያት የሞቱ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2001 በፓናማ በ28 ሕመምተኞች ላይ የደረሰው ደግሞ ከመሣሪያው ብልሽት ሳይሆን፥ የመከላከያ ብረቶቹን ቅርጽ ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት ከተመረጠ አዲስ አካሄድ የመጣ ነው፤ ኮምፒዩተሩ የሰጠውን የጊዜ ስሌት በእጅ አስልቶ የተመለከተ ሰው አልነበረም። በሦስቱም ቦታ መሣሪያው ይሠራ ነበር። በሦስቱም ቦታ የተማረ ሰው ነበረ። የጎደለው የመጀመሪያውን ሰው ሥራ ራሱን ችሎ የሚመረምር ሁለተኛ ሰው፥ ለመመርመርም የሚያበቃ ልማድ ነው።

የኮባልት መሣሪያ ለብዙ ዘመን የጥቁር አንበሳ የጀርባ አጥንት ሆኖ ያገለገለ ስለ ነበረ ስለ እርሱም አንድ ነገር ልበል። ኮባልት 60 በ5 ዓመት ከ3 ወር ያህል ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፤ ይህም ማለት በየወሩ ከመቶ አንድ ያህል እየደከመ ስለሚሄድ የእያንዳንዱ ሰው የሕክምና ጊዜ በዚያው ልክ መታረም አለበት፤ ምንጩ ባረጀ ቁጥርም አንዱን ሕመምተኛ ለማከም የሚፈጀው ጊዜ ይረዝማል፥ የሰልፉም ርዝመት ይጨምራል። አዲሶቹ ሊኒየር አክስለሬተሮች ይህ ድካም የለባቸውም፤ ነገር ግን በየማለዳው መለካት፥ በየወሩና በየዓመቱ መፈተሽ፥ የማይናወጥ መብራትና ማቀዝቀዣ ይሻሉ። የድሮው መሣሪያ ለዕለት ሥራው አንድ ጥንቁቅ ሰው ይበቃው ይሆናል፤ አዲሱ ግን ከአንድ የሚበልጡ ሰዎችን፥ ከጥንቃቄ ጋርም ሰፊ ዕውቀትን ይጠይቃል። ከአንዱ ወደ ሌላው የተደረገው ሽግግር የሥልጠናውን ጉዳይ ከበፊቱ ይልቅ አጣዳፊ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ሥልጠናው ምን ዓይነት ይሁን? ኤጀንሲው እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ፥ በጨረር ሕክምና ለሚሠሩ የፊዚክስ ባለሙያዎች የሚሰጠውን የሆስፒታል ሥልጠና በስምንት ክፍል አደራጅቶታል፤ ከሕክምናው ዓለም ጋር መተዋወቅ፥ ከጨረር ጉዳት መጠበቅ፥ የጨረር ልኬት፥ የመሣሪያዎቹ ቁጥጥር፥ የሕክምና ዕቅድ፥ ምንጩ በሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚሰጠው ሕክምና፥ የሙያ ምግባርና የጥራት አስተዳደር፥ በመጨረሻም ምርምርና ማስተማር። ሠልጣኙ የሠራውን ሁሉ በመዝገብ ያሰፍራል፤ አሠልጣኙ እያንዳንዱን ችሎታ በየደረጃው ፈትኖ ይፈርማል፤ ይህ ሁሉ ሁለት ዓመት ካልሞላ አይፈጸምም። የመመሪያው የመጀመሪያ ሙከራ በእስያና በፓስፊክ አገሮች የተደረገ ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ሌላ ጽሑፍ ደግሞ ይህን ሥልጠና ሳይፈጽም ማንም ሰው በሆስፒታል ብቻውን ኃላፊነት እንዳይቀበል ያሳስባል።

በጎጃም ምድር የተወለደ ሰው የዚህን ሥርዓት ምሥጢር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻውም። ድጓ የተማረ ሁሉ የድጓ መምህር አይባልም፤ ቤተ ልሔም ደርሶ፥ ቃሉንና ምልክቱን በመምህሩ ፊት አስመርምሮ ካስመሰከረ በኋላ ነው ወንበር ዘርግቶ ማስተማር የሚፈቀድለት፤ የዝማሬ መዋሥዕቱም ሰው ዙር አምባ ሄዶ እንዲሁ ያደርጋል። ምስክርነቱ የሚሰጠው ተማሪው ይህን ያህል ዓመት ተቀምጧል ተብሎ ሳይሆን፥ መምህሩ እያየው፥ እያረመው፥ ስሕተቱን እያስደገመው የሠራው ሥራ ስለ ተመዘነ ነው። የፊዚክስ ማስተርስ የያዘ ወጣትም የኑክሌርን ሕግ ጠንቅቆ ሊያውቅ ይችላል፤ የሆስፒታሉን ምስክርነት እስኪቀበል ድረስ ግን በሰው ላይ የሚወርድ ጨረር ብቻውን ሊያዝዝ አይገባውም። አባቶቻችን ለዜማ የጠየቁትን ጥንቃቄ እኛ ለሰው አካል ልንነፍገው አንችልም።

ከስምንቱ ክፍሎች የመጀመሪያው፥ ማለትም ከሕክምናው ዓለም ጋር መተዋወቅ፥ አንዳንዶች እንደ መግቢያ ብቻ አድርገው በችኮላ የሚያልፉት ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ የሚበልጥ ሆኖ ይታየኛል። ሠልጣኙ ከሐኪሞቹ ጋር አልጋ ለአልጋ ዞሮ፥ ዕጢ ምን እንደሚመስል፥ የቆሰለ ቆዳ ምን እንደሚያሠቃይ በዓይኑ አይቶ ካልሆነ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚሥላቸው መስመሮች መስመር ብቻ ሆነው ይቀሩበታል። በአውንጊ አፏን የፈታች የባንጃ እናት ከማታውቀው መሣሪያ ሥር ብቻዋን ተኝታ፥ አትንቀሳቀሺ የሚላትን ቃል በሚገባ ሳትረዳው ብትቀር፥ ለአንድ ሴንቲ ሜትር የተጠነቀቀው ስሌት ሁሉ በአንድ መገላበጥ ይፈርሳል፤ ይህንንም የሚያውቀው እርሷን ያየ፥ አስተርጓሚም እንዲጠራላት ያደረገ ባለሙያ ነው።

የአዊን ሕመምተኛ በቀጥታ የሚነካ ሌላም ነገር አለ። የጨረር ሕክምና ሲጀመር ሳይቋረጥ ሊፈጸም ይገባዋል፤ የማሕፀን ጫፍ ካንሰርን ብንወስድ፥ ከውጭ የሚሰጠውም ከውስጥ የሚሰጠውም ጨረር በአንድነት በስምንት ሳምንት ውስጥ እንዲያልቅ ይፈለጋል፥ ከዚያ የሚዘገየው እያንዳንዱ ቀን ዕጢውን የመግታት ተስፋን ከመቶ አንድ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት መንገዱ በተዘጋ ቁጥር፥ ለገንዘብ ወይም ለቤተሰብ ጉዳይ አገሩ ደርሶ ሊመለስ የሄደ ሕመምተኛ ቀኑ ሊያልፍበት ይችላል፤ መሣሪያ ሲበላሽ ወይም መብራት ሲጠፋም እንዲሁ። የባከነውን ቀን እንዴት እንክሰው፤ የቀሩትን ቀናት መጠን እንጨምር ወይስ በቀን ሁለት ጊዜ እንስጥ፤ ብንጨምርስ ጤናማው አካል ይሸከመዋልን? ይህን ጥያቄ ከሐኪሙ ጋር ተቀምጦ በስሌት የሚመልሰው የፊዚክስ ባለሙያው ነው። ስሌቱን በክፍል ውስጥ ይማሩታል፤ መቼ ሊታመን፥ መቼ ሊጠረጠር እንደሚገባው ግን የሚገለጠው ከብዙ እውነተኛ ሕመምተኞች ጋር በመሥራት ነው።

እስከ ዛሬ ከዚህ ሙያ ሰዎች በርካቶች የሠለጠኑት በውጭ አገር ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1957፥ ኤጀንሲው በቆመበት ዓመት፥ አባል ስለ ሆነች የትምህርት ዕድሉ ለረጅም ዘመን ክፍት ሆኖላት ቆይቷል። ፓኪስታናዊው ሊቅ አብዱስ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1964 የመሠረተው የትሪየስቴ የፊዚክስ ማእከል ከከተማይቱ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ወጣቶች የሁለት ዓመት ትምህርት ይሰጣል፤ አንዱ ዓመት በክፍል፥ ሁለተኛው በሆስፒታል ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ደግሞ ኤጀንሲው የተስፋ ጨረር የተባለውን የካንሰር መርሐ ግብሩን ከአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ጎን በአዲስ አበባ አብሥሯል። እነዚህ ሁሉ በጎ ናቸው፥ ምስጋናም ይገባቸዋል። ነገር ግን በውጭ የሠለጠነ ወጣት ከሌላ አገር መሣሪያ፥ ከሌላ አገር የሕመም ዓይነትና ደረጃ ጋር ተላምዶ ይመጣል፤ አንዳንዱም ተምሮ በዚያው ይቀራል፥ ስለዚህም ልንወቅሰው አንችልም፤ እዚህ የሚጠብቀው ወንበርና መዓርግ ካልተዘጋጀ ዕውቀቱን ወደሚያከብሩለት መሄዱ የማይቀር ነውና።

የሚያስፈልገንን ሰው ብዛት አስቡ። በዓለም የካንሰር ግምት መሠረት በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከ75 ሺህ በላይ አዲስ ሕመምተኛ ይገኛል፤ ከካንሰር ሕመምተኞች እኩሌታው በአንድ ወይም በሌላ ጊዜ ጨረር እንደሚያስፈልገው የታወቀ ነው፤ ለ400 ሕመምተኞች በዓመት አንድ የፊዚክስ ባለሙያ የሚለውን የኤጀንሲውን ምክር ብንከተል ከ90 የሚበልጡ የሠለጠኑ ሰዎች ያሹናል። ይህን ብዛት አንድ ወይም ሁለት ሰው በየዓመቱ ወደ ውጭ በመላክ መሙላት የግማሽ ምእተ ዓመት ሥራ ይሆናል። ስለዚህ የሆስፒታል ሥልጠናው እንደ ሐኪሞቹ ሬዚደንሲ በአገር ውስጥ፥ በቋሚነት፥ በጀትና ወንበር ተመድቦለት ሊቆም ይገባል፤ ጥቁር አንበሳ ከሁሉ የቆየ ልምድ ስላለው ዋናው ጉባኤ ቤት ይሁን፥ ጅማ ሁለተኛው፥ ጎንደርም ሥራው ሲጸና ሦስተኛው።

እዚህ ላይ የሚነሣው ከባድ ጥያቄ የአሠልጣኞቹ ነው። በየቀኑ ሕመምተኛ በሚያስተናግድ ጥቂት ባለሙያ ላይ ሠልጣኝ መጨመር ሸክም ነው፤ ሠልጣኝ አልቀበልም ቢል ሊፈረድበት አይገባም። ስለ ሆነም አሠልጣኝ የሚሆነው ሰው ከሳምንቱ ሥራው የተወሰነው ጊዜ ለማስተማር ብቻ እንዲለይለት፥ ለዚህም ተጨማሪ ክፍያና የሙያ ዕድገት እንዲሰጠው ማድረግ የጤና ሚኒስቴር ሥራ ነው። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የሙያዎች መዘርዝር የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ከፊዚክስ ሊቃውንት ጋር ቢመደቡም የጤና ሠራተኞች አካል እንደ ሆኑ ተመልክቷል፤ በእኛም ሆስፒታሎች ደሞዛቸውና የሥራ መደባቸው ይህን ሊመስል ይገባል። የጨረርና ኑክሌር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ፈቃድ የመስጠትና የመንሣት ሥልጣን ስለ ሰጠ፥ የጨረር ማእከል ፈቃድ ሲሰጠው የሆስፒታል ሥልጠናውን የፈጸመ የፊዚክስ ባለሙያ በስም ተጠቅሶ እንዲመዘገብ ቢደረግ፥ ሆስፒታሎቹ ባለሙያውን ከመሣሪያው ጋር እኩል ይፈልጉታል።

ለአዊ ወጣቶች ደግሞ የሚቀርበው መንገድ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ነው። ፊዚክስ ተምሮ ተመርቆ ሥራ የሚያጣ ወጣት በየከተማው እየበዛ ባለበት ጊዜ፥ ይህ ሙያ መኖሩን እንኳ ሳይሰማ የሚቀረው ብዙ መሆኑ ያሳዝነኛል። የዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ መምህራን በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት ያሉትን ተማሪዎች ጎንደር ወስደው የመሣሪያውን ክፍል ቢያሳዩአቸው፥ ከየዓመቱ ተመራቂዎችም ሁለት ብርቱዎች ለማስተርስ ቀጥሎም ለሆስፒታል ሥልጠና እንዲላኩ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጋር ውል ቢዋዋሉ፥ ወጪው ለአንድ ሊኒየር አክስለሬተር ከሚወጣው ገንዘብ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ከእነርሱ አንዱ አውንጊ የሚናገር ቢሆን፥ ያችን የባንጃ እናት በገዛ ቋንቋዋ የሚያረጋጋት ሰው በማእከሉ ውስጥ ይገኛል።

ለሚቀጥለው ግዢም የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፤ የጤና ሚኒስቴር ሌላ የጨረር መሣሪያ ለመግዛት ውል በሚፈርምበት ቀን፥ በዚያ መሣሪያ ላይ የሚሠሩት ሁለት ሠልጣኞች ስም፥ የአሠልጣኛቸው ስም፥ ሥልጠናው የሚጀመርበትና የሚፈጸምበት ቀን በውሉ አባሪ ተጽፎ አብሮ ይፈረም፤ የሁለቱ ዓመት ወጪም ከመሣሪያው ዋጋ ተለይቶ ሳይሆን ከዚያው ላይ ይከፈል።